ከጣሪያው ፕላን ላይ የሰረዝኩት መስመር

ላሊበላ ሥራ የጀመርኩት ከሚሌኒየሙ ቀጥለው ባሉት ዓመታት በአንዱ ነው። የቅጥር ደብዳቤዬ «ጀማሪ ድራፍትማን» ይላል፤ ሴት መሆኔ ጸሐፊውን አላስጨነቀውም። ቢሯችን ከአንድ ሆቴል ጓሮ የተከራየናት ክፍል ነበረች። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ኢንጂነር ዳምጠው አንድ ሲዲ ሰጡኝ። ውስጡ የውቅር አብያተ ክርስቲያናት ፕላን ስካን ነው፤ በእጅ የተሣለ፣ ብዙ ዓመት ታጥፎ የኖረ። ሁሉንም ካድ ወደሚባለው የኮምፒውተር ንድፍ ለመቀየር ስንት ጊዜ እንደሚበቃኝ ጠየቁኝ። ሁለት ሳምንት አልኩ። ኢንጂነሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

ላልሠራበት ሰው ልንገር። ስካን የተደረገ ፕላን ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ጤፍ ነው። ከሩቅ መስመር ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉት ፍሬ ፍሬ ነው። ካድ ደግሞ መነሻና መድረሻ ያለው፣ ርዝመቱ የሚለካ መስመር ይፈልጋል። ይህን በራሱ የሚቀይር ፕሮግራም ነበረን። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አንዱን ፕላን ሰጠሁትና ቁልፉን ተጫንኩ። የቀለም ጠብታው ግድግዳ ሆነ፤ የወረቀቱ እጥፋት አጥር ሆነ፤ ዝንብ ጥላው የሄደችው ነገር ሁሉ ዓምድ ሆኖ ቆመ። ኢንጂነሩ አይተው፣ ይህን ሁሉ ዓምድ ማን ይጠርበዋል አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በእጅ ሆነ። በካድ ሥዕሉ እንደ ስስ ወረቀት በተደራረቡ ሌየሮች ይከፈላል፤ ስካኑን ከታች ባለው ሌየር አስቀምጦ መቆለፍ፣ በአንድ የታወቀ ልኬት ስኬሉን ማስተካከል፣ ከዚያ በማውስ ነጥብ በነጥብ እየተከተሉ ከላዩ መሣል። በመጀመሪያው ሳምንት የጎበጠ ግድግዳ ሁሉ የሣለው ሰው ስሕተት እየመሰለኝ አቀናሁት። ኢንጂነሩ መልሰው አስጎበጡኝ።

"ላስታ ውስጥ ቀጥ ያለ ግድግዳ ካየሽ ሆቴል ነው፤" አሉ።

በዝንቧ ግን ቂም ይዤባት ነበር። ቆሻሻ የመሰለኝን ሁሉ ያለ ርኅራኄ መሰረዝ ጀመርኩ።

ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ በኩል ከዐለት የተፈለፈለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ከጣሪያዋ እየሰረገ የግድግዳውን ሥዕል ይልጠው ነበር። ቀሳውስቱ መቅደሱ ውስጥ ባልዲ ደቅነው ነው የሚቀድሱት። ክረምቱ ሳይገባ ከላይዋ መጠለያ እንዲቆምላት ተወሰነ። አራቱ የብረት እግሮች የሚተከሉት እኔ በቀየርኩት የጣሪያ ፕላን ነው። በዚያ ፕላን ላይ ሁለት ደብዛዛ መስመሮች ነበሩ። ሁለቱንም የወረቀት እጥፋት ናቸው ብዬ ሰረዝኩ። ኢንጂነሩ ፈረሙበት።

ሥራው ሊጀመር የሄድን ዕለት ገበዙ ቄስ ተበጀ ከጣሪያው ጫፍ አስቆሙን። እኔን አይተው ጥቂት አመነቱ፤ በኋላ ከመቅደሱ በላይ ወዳለው ቦታ እንዳልጠጋ ነግረው ፈቀዱልኝ።

"በጫማ ግን ማንም አይወጣም፣ ልጆቼ፤" አሉ።

አወለቅን። የላስታ ዐለት በማለዳ እግር ይቆርጣል። በሆዴ እያጉረመረምኩ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ስራመድ ግራ እግሬ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። አፈር ነው። ወደ ጎን ስል ዐለት፤ ስመለስ አፈር። ስፋቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ሜትሩን ጥዬ በእግሬ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ጎበጥ ብሎ ሄደና ሦስተኛው እግር ሊቆፈር በቀይ ቀለም ምልክት ወደተደረገበት ቦታ ደረሰ። አካሄዱን አወቅሁትና ክው አልኩ። ከሰረዝኳቸው መስመሮች አንዱ ነው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም፤ ቆፋሪዎቹም መዶሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ለኢንጂነሩ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አስፈራኝ። ላፕቶፑን አውጪና ስካኑን ክፈቺ ብቻ አሉ። ቄስ ተበጀ በጋቢያቸው ፀሐዩን ጋረዱልን። አንደኛው መስመር ወረቀቱን መሐል ለመሐል ቀጥ አድርጎ ይከፍለዋል፤ እውነትም እጥፋት ነው። ሁለተኛው ይጎብጣል። የወረቀት እጥፋት ደግሞ አይጎብጥም። መጨረሻው ላይ የዝንብ ናት ብዬ የጠረግኳት ነጥብ አለች፤ አጉልቼ ሳያት የቀስት ጫፍ ናት። ውሃው በዚህ በኩል ይወርዳል ማለት ነው።

ቄስ ተበጀ ስክሪኑን ብዙ አዩት።

"ቦይ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ከእኔ በፊት ተደፍኖ ይሆናል፤" አሉ። "ሣር ግን በዚህ መስመር ብቻ ሲበቅል ዕድሜዬን ሙሉ አየዋለሁ። የጠየቀኝ የለም።"

ቁፋሮው ቆመ። ዲያቆናቱ በመጥረጊያና በትንንሽ መሮ ቦዩን ጠረጉት። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ቤተ ክርስቲያኗን ሲፈለፍሉ አብረው ያወጡት ነው። በሦስተኛው ቀን ከላይ አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰስንበት። ውሃው እየተጣመመ ሄደና ከገደሉ ጫፍ ወረደ። ሊያዩ የመጡት ሴቶች እልል አሉ፤ እኔም አብሬ አቀለጥኩት። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ተደስቼ አላውቅም። ሦስተኛውን እግር ሁለት ሜትር አራቅነው።

የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ ኢንጂነሩ ከደብዳቤዬ ላይ «ጀማሪ» የምትለዋን ቃል ሰረዙልኝ። ያችኛዋ ስረዛ ትክክል ነበረች።

ነሐሴ ላይ ቄስ ተበጀ ስልክ አስደወሉ። ቤተሰቤን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ "ልጄ፣ ዘንድሮ ፍልሰታን ያለ ባልዲ ቀደስን፤" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሠራኋቸው ፋይሎች ሁሉ «ያልታወቀ» የሚል ሌየር አለ። የተጠራጠርኩት መስመር እዚያ ይቆያል። ጀማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ምንነቱን የማታውቁትን መስመር አትሰርዙ፤ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ እዩት።