ስለ በሪሁን የተጠየቅሁ ዕለት

ሰኞ ዕለት ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የአንድ ባለጉዳይ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ ፈለገችና ስልኳን ከፈተች። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ሳይ ገጹ የራሴ ነው። ቀለሙ ተለውጧል፣ ፊደሉም አምሮበታል፤ ቀን፣ ወርና ዓመት የሚሞላባቸው ሦስቱ ሳጥኖች ግን እኔ ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት እንዳስቀመጥኳቸው ተቀምጠዋል። «ይሄ ጥሩ ነው፤ ጳጉሜን እንኳ አይሳሳትም» አለችኝ። የኔ ነው አላልኳትም። ጳጉሜን እንዳይሳሳት ያደረገው ሌላ ሰው ነው፤ በሪሁን ይባል ነበር።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ቆቦ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ፋይል አገላብጣለሁ። በዚያን ዘመን የራያ ወጣት ሁሉ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ያወጣ ነበርና የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠይቀኝ ሰልፈኛ አያልቅም። በጣቴ መቁጠር ሲሰለቸኝ ቀን የሚለውጥ ድረ ገጽ ሠራሁ። ከዚያም ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጌ ለቀቅሁት፤ የሚወስድ ይውሰድ፣ ስህተት ያገኘም ያርም ብዬ።

ሰው መጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከአዳማ፣ አንዳንዱም ከባሕር ማዶ። ስማቸውን እንጂ መልካቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ያረሙትን ይልኩልኛል፤ እኔ አነብበዋለሁ፤ ልክ ከሆነ አስገባዋለሁ፤ ካልሆነ ምክንያቱን ጽፌ እመልሳለሁ። የገጽ ባለቤት መሆን ሲባል የሚሠሩበት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሥራው የሌላውን ሥራ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ማታ ከሥራ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ካለችው ኢንተርኔት ቤት ስገባ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ምን ላከ እያልኩ እንደ ደብዳቤ ጠባቂ እቸኩላለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ደስታው ጠፋ። መቼ እንደጠፋ አላውቅም። አንዱ ገጹ ስልኬ ላይ አይከፈትም ይላል፤ ሌላው የጾም ቀን ካልጨመርክ ምኑ ገጽ ሆነ ይላል፤ ሁለቱ በግዕዝ ቁጥር ጉዳይ ተሰዳድበው አስታርቀን ይሉኛል። አልተናደድኩም። ድካምም አልነበረም፤ የደከመው ሰው እንኳ መተኛት ያምረዋል። ነገሩ ሁሉ ራቀኝ በቃ። መልሴ እያጠረ ሄደ፦ «ልክ ነው»፣ «ልክ አይደለም»፣ «ምክንያቱን ጻፍ»። ከገጹ ውጪ ላለው ሰውም እንዲሁ መመለስ ጀምሬ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

በሪሁን የመጣው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ የኔ ገጽ ስድስተኛዋን ቀን አያውቃትም ነበር። በዚያች ቀን የተወለደ ሰው ቢመጣ አልተወለድክም ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራትም በአንድ ቀን ያዛባቸው ነበር። በሪሁን ይህን አግኝቶ አረመው፤ እንዴት እንዳረመውም ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ በአማርኛ ጻፈልኝ። አይከራከርም። ልክ አይደለም ካልኩት በሁለተኛው ቀን አስተካክሎ ይመለሳል። እኔ ዝም ማለት ስጀምር ለአዳዲሶቹ መልስ የሚሰጠው፣ የተጣሉትንም የሚያስታርቀው እሱ ነበር። አንድ ጊዜ «ቆቦ ነህ አሉ። እኔም ሩቅ አይደለሁም፤ አንድ ቀን ሻይ ብንጠጣስ?» ብሎ ጻፈልኝ። ነገ እመልስለታለሁ ብዬ ተውኩት። ሩቅ አይደለሁም ማለቱ ደሴ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር።

የጥቅምት መጨረሻ፣ የገበያ ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን ቆቦ ሁሉ ነገሯ ማሽላ ነው። ሜዳው እስከ ተራራው ግርጌ ቀልቷል፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ወንጭፍ ከሩቅ ይጮኻል፤ አስፋልቱ ላይ አህያና ግመል ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ወደ ገበያ ይወርዳል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት ሽማግሌዎች ስሜን ጠርተው ቢሮ ድረስ መጡ። ባለጉዳይ መስለውኝ ወረቀታቸውን ብጠይቅ «ወረቀትስ የለንም፤ አንተን ነው የፈለግን» አሉኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

ተናጋሪው የጎብዬ ሰው ነበሩ፤ አያ ሞላ ይባላሉ። ከጋቢያቸው እጥፋት በጨርቅ የተቋጠረ የተጠበሰ የማሽላ እሸት አውጥተው በመዳፋቸው እያሹ፣ ገለባውን እፍ እያሉ፣ ፍሬውን እጄ ላይ አፈሰሱልኝ።

«አናቆይህም ልጄ» አሉ። «በሪሁን የሚባል የዋጃ ልጅ ታውቃለህ? ከኮምፒውተሩ ሥራ አብሮህ አለ የተባለው።»

ዋጃ ከቆቦ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ስንጻጻፍ የኖርን ሰዎች ጎረቤት ነበርን። ሊገርመኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ለካ ዋጃ ነው ብዬ አለፍኩት።

«አውቀዋለሁ» አልኩ።

«ጎሽ። የወንድሜን ልጅ ሊያገባ አማላጅ ልኮብናል። እሷም አልጠላችው። ዘሩን እናውቃለን፤ ከአጎቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሠራም አይተናል። ይሄ ማታ ማታ የሚሠራው ነው ያልገባን። የሚያውቅህ ሰው ጥራ ብንለው አንተን ጠራ። ለመሆኑ ምን ያገኝበታል?»

«ምንም። ደመወዝ የለውም። እኔም የለኝም።»

«እንዴ! ታዲያ ለማን ነው የምትለፉት?»

«ለፈለገው ሁሉ።»

አያ ሞላ እሸቱን ማሸት ትተው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ጅጌ ነዋ!» አሉ ወደ ጓደኛቸው ዞረው። «ይሄውልህ! የሰው ማሳ ላይ ሳይታክት የሚውል ልጅ ነው በለና!»

እኛ አገር አዝመራ ሲደርስ ባለማሳው ጅጌ ይጠራል፤ ሰዉ ወጥቶ ሲያጭድለት ይውላል፤ እሱም ያበላል፣ ያጠጣል። ስለ አንድ ወንድ ልጅ ሲጠየቅ ጅጌ ይወጣል ወይ ተብሎ ነው የሚጀመረው። እንግዲህ ሽማግሌው ቃሉን ራሳቸው ፈልገው፣ ራሳቸው አግኝተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ከኔ የሚጠበቀው አዎ ማለት ነበር።

«አይደለም አባባ» አልኩ። «ጅጌ የጠራው ባለቤት አለው። ያበላል፤ ያጠጣል። ይሄ ጠሪ የለውም። ራሱ ነው የሚመጣው።»

ይህን ያልኩበት ድምፅ ያልተስተካከለ እርማት የምመልስበት ድምፅ ነው። ልክ አይደለም፤ ምክንያቱ ይኸው።

እስካሁን ሲሰሙ የቆዩት ሁለተኛው ሽማግሌ ነገሩን ሊያቃኑት ሞከሩ። «ይሁን፣ እሱ ይቅር። ጠባዩስ? ይጠጣል? አፉ እንዴት ነው?»

«አላውቅም።»

«ሁለት ዓመት አብራችሁ?»

«መልኩንም አይቼው አላውቅም።»

አያ ሞላ «አይተኸው አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እግዜር ይስጥልን ብለው መረቁኝ፤ የቀረውን እሸትም በያዘው ጨርቅ እንዳለ ትተውልኝ ሄዱ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ፋይሌን ጨረስኩ። እሸቱን እየቆረጠምኩ ነበር የሠራሁት። ጣዕሙን አላስታውሰውም።

በሪሁን ኅዳርን እንደ ወትሮው ሠራ። ታኅሣሥ ላይ ጠፋ። ያወቅሁት የአዳዲሶቹ ጥያቄ መልስ አጥቶ ሲከማች ነው። ጥር ገብቶ ሙሽራ የያዙ መኪናዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ በቆቦ መሐል ሲያልፉ የሆነ ነገር ጠረጠርኩ መሰለኝ፤ አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዋጃ ወረድኩ። ለራሴ የነገርኩት ግን ሽንኩርት ልገዛ ነው ብዬ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ማግኘት አልቸገረኝም፤ በዚያን ጊዜ ዋጃ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ከማሽኑ ኋላ ረዥም ቀጭን ልጅ፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ ቆሟል። ስሜን ነገርኩት። ትንሽ አየኝና ፈገግ አለ።

«ሻዩ ዘገየ እኮ» አለኝ።

ወንበር አቀረበልኝ፤ ሻይም አዘዘልን። ስለ ሠርጉ ስጠይቀው የማሽኑን መስተዋት በጨርቅ ይወለውል ጀመር።

«ተዳረች» አለ። «የጥምቀት ማግስት፣ አላማጣ።»

«በኔ ነው?»

«አንተ ምን አደረግህ? ውሸት አልተናገርክ።» መወልወሉን ቀጠለ። «አንድ ደግ ቃል ይዘው ቢመለሱ በቂያቸው ነበር። እሷም እስከ መጨረሻው ጠብቃለች። አባቷን እምቢ ብላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም አሉ።»

«ይቅርታ» አልኩት።

ለገጹ ተጠቃሚዎች ይቅርታ ስጽፍ እንደምጽፈው ሆኖ ወጣ። በሪሁንም የሰማው ይመስለኛል፤ «ችግር የለም» አለኝ፣ እሱም ሁልጊዜ እንደሚጽፍልኝ። ወዲያው አንዲት ሴት መታወቂያ ልታስባዛ ገባችና ወደ ሥራው ዞረ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

በመመለሻው በመስኮት ሳይ ማሽላው ታጭዶ አልቋል፤ አገዳው በየማሳው ተከምሯል፤ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተለቋል። ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ኪሴን ሁሉ ዳበስኩ። ሐዘን የሚባል አልነበረም፤ ጸጸትም አልነበረም። ሽንኩርቱን ረስቼ መመለሴ ብቻ ትንሽ አናደደኝ።

በዚያው ዓመት ገጹን ለአንድ የአዳማ ልጅ አስረክቤ ወጣሁ። በሪሁን አልተመለሰም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዋጃ ሳልፍ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የጫማ ሱቅ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ምን ምን እንዳለፈ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ማን የት እንደደረሰ መጠየቅም ከባድ ሆነ።

ሰኞ ያቺ ልጅ ስልኳን ካሳየችኝ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ትናንት ከሥራ ቀርቼ ጎብዬ ሄድኩ። አያ ሞላ በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ማንነቴን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሲያስታውሱኝ «ያ ኮምፒውተሩ!» ብለው ሳቁ። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና በሚኒባሱ ውስጥ ሳጠናው የመጣሁትን ተናገርኩ።

«አያ ሞላ፣ በሪሁን ጥሩ ልጅ ነበር። በሁለት ዓመት አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። የተጣላ ያስታርቃል፤ የሰው ሥራ ሲያቃና አይታክትም። ያኔ እንዲህ ማለት ነበረብኝ።»

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ እኛ እኮ ልንሰጠው ቆርጠን ነው የመጣን» አሉ። «ለወጉ ነው የጠየቅንህ። ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ሆኜ ስለ ሰው ስጠይቅ፣ ወርቅ ልጅ ነው ያላለኝ የለም። እኛም ወርቅ ነው አሉ ብለን እንመለሳለን፤ ሠርጉ ይደገሳል። አላውቅም ያልከን አንተ ብቻ ነህ። ከሰማን በኋላ እንዳልሰማን እንዴት እንሁን? ወንድሜም፣ የሚያውቀው ሰው እንዲህ ካለ የማያውቀው ምን ሊል ነው፣ አለ።»

አዘንኩ። በዚያ ዓመት ኪሴን ዳብሼ ያጣሁት ሐዘን ትናንት ሙሉውን መጣ፤ ጎብዬ ላይ፣ በቀትር፣ የሰው ደጃፍ ላይ። ሳያውቁ አይፈርዱም የሚል ኩራት ነበረኝ፤ ልክ ያልሆነውን ልክ አይደለም ማለት ሥራዬ ነው እል ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን እውቀቴን ፈልገው አልነበረም የመጡት፤ ከልጁ ጎን እንድቆም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ቆሞ ነበርና።

አያ ሞላ ማልቀሴን አላዩም፤ ወይም ላለማየት ነው ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞሩት።

«ለመሆኑ ያ ልጅ ዛሬ የት አለ?» አሉኝ ቆይተው። «አገባ? ወለደ?»

«አላውቅም» አልኩ። አሁንም እውነቴን ነበር።