ጳጉሜን የማያውቅ ስልክ

ትንሿ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለች መምህርቷ ተማሪዎቹ ሁሉ የሕፃንነት ፎቷቸውን ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው። የቤታችን ፎቶ በሙሉ ያለው ትልቋ ልጄ በምታጠናበት ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እዚያ ውስጥ ፎቶዎችን በተነሱበት ቀን ተራ የሚደረድር ፕሮግራም አለ። ዓመቱን ሲነኩት የዚያ ዓመት ፎቶ ይዘረገፋል። ትንሿ የተወለደችበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር አስቆጥራ ብትፈልግ ምንም የለም። የሷ ፎቶ የሚጀምረው በእግሯ መሄድ ከጀመረች በኋላ ነው። እህቷ ግን ሞልቷታል፤ እርጉዝ ሆኜ የተነሳሁትን እንኳ «ይሄ እኔ ነኝ» እያለች ታሳያለች።

ትንሿ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችና ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ከሁለት ቀን በኋላ መምህርቷን መንገድ ላይ ሳገኛት፣ ልጄ «እኔ ስወለድ እቤት አልተደሰቱም፣ ፎቶም አላነሱኝ» እንዳለቻት ሰማሁ። መምህርቷ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፤ ፎቶ ከተገኘም እስከ ሰኞ እንደምትጠብቃት ጨመረችልኝ። እኔ ግን ለመግዛት የወጣሁትን ቲማቲም ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጆቼ ሲያስነጥሳቸው መስኮት የምዘጋ ሰው ነኝ። ያቺን ልጅ ደግሞ ፎቶ አንስቻታለሁ። ስትተኛ አንስቻታለሁ፣ ስታዛጋ አንስቻታለሁ። ታዲያ የት ገባ?

ቅዳሜ ጠዋት ትልቋን አስቀምጬ የራሷን የሕፃንነት ፎቶ አንድ በአንድ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። እርጉዝ ሆኜ የቆምኩበት ፎቶ ላይ ስንደርስ እጇን ያዝኩ። ከጀርባዬ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ይታያል።

«ይሄ በር የማን ነው?» አልኳት።

«የኛ ነዋ፣ ውጪ ያለው።»

«አንቺ የተወለድሽው የት ነው?»

«ቡራዩ...» ብላ ወደ ፎቶው ጠጋ አለች። ወደ ሰበታ የመጣነው እሷ አምስት ዓመት ሲሆናት ነው። በሩን አየችው፣ ሆዴን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ እሷን ነው እኔ ነኝ ስል የኖርኩት?» አለች።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ትንሿን ሳረግዝ የጤና ጣቢያው የቀጠሮ ካርድ የሚጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልኬ ደግሞ በፈረንጅ ይቆጥራል። አንድ ቀጠሮ ያልፈኛል ብዬ ስለፈራሁ፣ ስልኩ ውስጥ ገብቼ ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም እንደ ካርዱ አደረግኩት። እኛ ወራችንን በሠላሳ ስንጨርስ ስልኩ አንዳንዴ ሠላሳ አንድ ይላል፤ ስለዚህ ትንሿ መሄድ ስትጀምር ሌላ ስልክ እስክይዝ ድረስ በየወሩ መጀመሪያ እየገባሁ አርመው ነበር። ባለቤቴ ለስልኩ ከኛ የበለጠ ታስቢለታለሽ ይለኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ይህን ከየት ይወቅ? የኛን ሁለት ሺህ ዘጠኝ የፈረንጅ ሁለት ሺህ ዘጠኝ አድርጎ አነበበው። ያኔ ደግሞ ሕፃን የነበረችው ትልቋ ናት፤ በሁለቱ እህትማማቾች መካከል ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። የትንሿ ሕፃንነት ሄዶ እህቷ ላይ ተደረበ። ልብሱም አይለይም። የመጀመሪያ ልጄን ኮፍያና ጋቢ ብል እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ እያሰጣሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሳጥን ውስጥ ያቆየሁት እኔው ነኝ።

ተቀምጠን መለየት ጀመርን። በቡራዩ ቤታችን ወለሉ አፈር ነበር፣ እዚህ ሲሚንቶ ነው። የትልቋን ያነሳው የባለቤቴ ወንድም በራሱ ካሜራ ስለነበር፣ የሷ ቀን ትክክል ነው። በኔ ስልክ የተነሱትን ትልቋ አንድ ላይ መርጣ፣ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከአሥር ቀን ጨመረችባቸው። ፎቶዎቹ ከቦታቸው ተነስተው ባዶው ዓመት ውስጥ ገቡ። እልል ልል ነበር።

ከዚያ ትንሿ የተወለደችበትን ቀን ብፈልግ የለም።

ልጄ የጳጉሜን ሦስት ልጅ ናት። ስልክ ደግሞ ጳጉሜን አያውቅም፤ አሥራ ሁለተኛውን ወር ሲጨርስ ዘልሎ አዲሱ ዓመት ውስጥ ይገባል። እኔ ደግሞ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ገብቼ እንደገና አንድ ብዬ አስጀመርኩት። ስለዚህ የተወለደች ዕለት የተነሳችውና መስከረም ሁለት የተነሳችው አንድ ቀን ተጽፎባቸው ተቀላቅለዋል። ሁሉም ያው አልጋ ላይ፣ ያው ጋቢ ውስጥ፣ ያው ፊት።

«አራት ቀን እኮ ነው እማ፣ አንዱን ስጫት። ማን ያውቃል?» አለች ትልቋ።

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት። አልተደሰቱብኝም ያለችን ልጅ በውሸት ቀን ላጽናናት አልፈለግኩም።

ሱሉልታ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩ። ያን ቀን በዝናብ መጥታ፣ ከጤና ጣቢያ እንደተመለስን በኔ ስልክ ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። የትኛው እንደሆነ ታስታውሺያለሽ ወይ አልኳት።

«እኔ የማስታውሰው፣ ልጅቷ ትተነፍሳለች ወይ እያልሽ ሌሊቱን ሙሉ ስትቀሰቅሺኝ ነው» አለችኝ። ስለ ፎቶው ግን ምንም ትዝ አላላትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻዬን ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ፣ የማይገባኝን ነገር ሳልነካ ዝም ብዬ ማየት ለምዶብኛል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ስልኩ ራሱ የሰጠው ቁጥር አለ። ቀኑን ስነካካ ቁጥሩን አልነካሁትም፤ እንደሚነካም አላውቅም ነበር። እንቁጣጣሽ ጠዋት ደጃፍ ላይ የጎዘጎዝኩት ቄጠማ ፎቶ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ይላል። ከዚያ የሚያንስ ቁጥር ያለው የልጄ ፎቶ ቀኑ ምንም ቢል ከእንቁጣጣሽ በፊት ነው ማለት ነው። በጣቴ እየጠቆምኩ ወረድኩ። ሁለት መቶ ሃያ አንድ፣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር በሌላ ቀን የተነሳ ነው፤ እኔ በትልቅ ሆዴ ልብስ ሳጣጥፍ ያሳያል። ልጄ በቁጥር ስትመጣ የመጀመሪያዋ ይህች ናት።

ሁሉንም ጠራኋቸው። ትንሿ ወደ ፊት ጠጋ ብላ አየች። ፎቶው ጥግ ላይ የእህቴ ጣት ገብቷል፤ ሕፃኗ አንድ ዓይኗን ከድና በሌላው ታፈጣለች።

«ለምንድነው የተቆጣሁት?» አለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ያን ቀንም እንዲሁ ነበር ያየሽኝ» አላት አባቷ። እሷን «ልጄ» ብሎ ሲያቆላምጣት ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

ሳቀች። ከዚያ ስንት ፎቶ እንዳላት መቁጠር ጀመረች፤ ከመቶ ሲያልፍ ለእህቷ ስንት እንደቀረላት ጠየቀች። አሥራ አንድ። ትልቋ እያኮረፈችም እየሳቀችም «ስለዚህ ያልተደሰታችሁት በኔ ነዋ» አለች።

«ሁለት ልስጥሽ፣ ኮፍያው እንደሆነ አንድ ነው» ብላ ትንሿ ማውሱን ያዘች። ከእጇ ወሰድኩት። ፎቶ መሰጣጣት ትችላላችሁ፣ ቀን ግን የሚነካ የለም አልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤት አሳጥበን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ከጀርባው ቀኑን እንድጽፍላት እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ጳጉሜን ሦስት ብዬ ዓመቱን ጻፍኩ።

«በፈረንጁም ጻፊው፣ ደግሞ እንዳልጠፋ» አለችኝ።

ለትልቋ ደውዬ ጠየቅኳትና ጻፍኩላት። ከዚያ ደግሞ፣ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ለባለቤቴ ደወልኩ።