ከባሕር የወጣው ሳጥን

ሳጥኑን የገዛሁት ለጫማ ነው። በሰው አገር፣ ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩ ሥር የጫማ ክምር ይሠራል። ባለቤቴ "አንድ ነገር አድርግበት" ስትለኝ ከርማ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጧት የጓደኛዬ መኪና አልነሳ ብሎት ባትሪውን ጃምፕ ላደርግለት ከከተማው ማዶ ወዳለው ሂልቶፕ ሰፈር ሄድኩ፤ ስመለስ ብሮድ ስትሪት ዳር ያርድ ሴል፣ ግቢ ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ፣ አይቼ ቆምኩ። ሰሃን፣ የገና መብራትና የሕፃን ወንበር ሣሩ ላይ ተደርድሯል። ከሁሉም ወደኋላ፣ የበረንዳው ደረጃ ሥር፣ የጠቆረ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። እጀታው ከወፍራም ገመድ የተጎነጎነ ነው።

የዕቃዎቹ ባለቤት ረጅም፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሰዋል። ዋጋውን በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው መልሰው ጠየቁኝ።

"ለምን ፈለግኸው?"

"ለጫማ ነው።"

ትንሽ አዩኝና "ጫማ ጥሩ ነው" አሉ። የነገሩኝ ዋጋ እንኳን ሳጥን ቅርጫት አይገዛም። ጭነን ሞተር ካስነሳሁ በኋላ ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉ።

"ከባሕር የወጣ ሳጥን ነው" አሉኝ። "ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የቤተሰቦቼ መንደር ፊት ለፊት መርከብ ዐለት መታና ተሰባበረ። ሰዎቹ በሙሉ አለቁ። ይኼ ብቻ ነው የደረሰው።"

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

ቤት ስደርስ ታሪኩን እንደ ምርቃት አድርጌ ለባለቤቴ ነገርኳት። ባለቤቴ ተጠራጣሪ ናት። ወተት እንኳ ስትገዛ ፊት ለፊት ያለውን ትታ ከኋላ ነው ጎትታ የምታነሳው።

"ሰዎቹ በሙሉ አለቁ?" አለችኝ።

"በሙሉ።"

"ሰው ያልተረፈበት ባሕር፣ ሳጥን እንዴት ደህና ሆኖ ይወጣል? ደግሞስ ይኼን ያህል ታሪክ ያለውን ዕቃ እንዲህ አርክሶ የሚሸጥ ማነው? አንተ ሰው፣ ይኼ ሳጥን አንድ ነገር አለው። ቤቴ አይገባም።"

ጋራዥ ውስጥ ቀረ።

ልጃችን እዚሁ የተወለደች ናት፤ ሃይ ስኩል ልትጨርስ ነው። መጀመሪያ "ዳዲ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ቦክስ" ብላ አለፈችው። በኋላ ግን እናቷ ሳጥኑን ፈርታ በጋራዥ በኩል መውጣት እንዳቆመች ስታይ ስልኳን ይዛ ማንበብ ጀመረች፤ እራት ላይም ያነበበችውን ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነገረችን። በዚያ ዘመን፣ መርከብ በሸራ በሚሄድበት ጊዜ፣ ብዙው የሚጠፋው መሀል ባሕር ላይ አይደለም አለች፤ መሬት እያየ ነው። ማዕበል ይገፋውና ከዐለት ጋር ያላትመዋል። ዳር ያለው ሰው ጩኸቱን ይሰማል። አንዳንዱ ጀልባ ገፍቶ ነፍስ ሊያድን ይወጣል፤ አንዳንዱ ማዕበሉ የሚያመጣውን ዕቃ ሊለቅም ይጠብቃል። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰውም ነበር።

"መርከቡ መንገድ እንዲስት ብለው ፋኖስ የሚያበሩም ነበሩ ይባላል" አለች። "ባት ኖባዲ ሪሊ ፕሩቭድ ኢት፤ ማንም አላረጋገጠም።"

ባለቤቴ "ይባላል" የምትለዋን ቃል ያዘች። "ሳይኖር አይባልም" ብላ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ እኔም በሳጥኑ አጠገብ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ባሕር ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ወደዚህ ስመጣ ከአውሮፕላን መስኮት። አሁን ግን የገመዱን እጀታ ባየሁ ቁጥር የያዘው እጅ ይታየኛል። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ጣቴን በምራቄ አርሼ የሳጥኑን ጥግ አሸሁና ቀመስኩት። ጨው ጨው አለኝ። በስንት ዘመኑ! ብዬ ደንግጬ ዞር ስል፣ ክረምት በረዶ ላይ የምንበትነው የጨው ከረጢት አፉ ተቀዶ ግድግዳው ሥር ፈስሷል። የቀመስኩት ጨው ከባሕሩ ይሁን ከከረጢቱ አላወቅሁም።

በመጨረሻ ከሥራ በወጣሁበት ከተማውን አቋርጬ ሂልቶፕ ሄድኩ። አሮጊቷ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። አስታወሱኝ።

"ስለ ሳጥኑ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው" አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ምን አገኘህበት?"

"ምንም።"

"ምንም ያላገኘ ሰው ይኼን ሁሉ መንገድ ነድቶ አይመጣም።"

"ያ መርከብ ላይ በእውነት አንድም ሰው አልተረፈም ወይ ልልዎት ነው።"

ብድግ አሉ። "እንድትጠይቀኝ የላከህ ማነው?" አሉኝ። ማንም አልላከኝም ብዬ ስልክ ቁጥሬን ባስቀምጥላቸውም፣ ሳያመሰግኑ ገብተው በሩን ቆለፉ።

በማግስቱ ኮል አደረጉልኝ። ሥሩን ከፍተኸዋል ወይ? ክዳኑ ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ ወይ? በነጋታውም ደወሉ። ዌርሃውስ ውስጥ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። ለባለቤቴ ስነግራት "አየህ! ሴትዮዋ የምታውቀው ነገር አለ" አለች። ቆይታ ደግሞ በሩን ተደግፋ በጎን አየችኝ።

"እውነት ግን ምንም አላገኘህበትም?"

"አንቺ ደግሞ!"

"ልጠይቅ ብዬ ነው" አለች። በተጋባንበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

ነገሩ እንዲያበቃ ብዬ አሮጊቷን መጥተው ራሳቸው እንዲያዩት ጋበዝኳቸው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር መጡ። ኪችን ካቢኔት የሚጠግን፣ ጠና ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። የጋራዡን በር ከፈትኩላቸው። ባለቤቴ እጇን አጣምራ ወደ ቤት በሚያስገባው በር ላይ ቆመች። ልጃችን ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ሰውየው ሳጥኑን በሆዱ ገለበጠው። አንኳኳ፣ በጥፍሩ ጫረ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ውስጥ አየ። ሥሩ ድርብ አልነበረም። የተጻፈም ነገር የለበትም።

"አክስቴ" አለ በመጨረሻ፣ "ይኼ ብሎን በማሽን የተሠራ ነው። ጣውላውም በማሽን መጋዝ የተቆረጠ ይመስላል። ያን ያህል አሮጌ አይመስለኝም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ እንኳ አይደለሁም። ግን ባሕር ያየ አይመስለኝም።"

አሮጊቷ የሚይዙት ነገር ፈልገው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሰደዱ። ከሁላችንም ቀድማ የደረሰችላቸው ባለቤቴ ናት። የካምፕ ወንበር ዘርግታ አስቀመጠቻቸውና ወደ ሰውየው ዞረች።

"ሥሩ በስብሶ ተቀይሮ ይሆናላ!" አለችው በእንግሊዝኛዋ። "ብሎንም ይቀየራል። ባሕር አላየም ብለህ በምን አወቅህ?"

ልጄና እኔ ተያየን። ሳጥኑን ከቤቷ የከለከለች ሴት ጠበቃው ሆነች።

"ተዪው የኔ ልጅ" አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ማናችንንም ሳያዩ ተናገሩ።

"ለልጆች የሚነገረው፣ መንደርተኛው አልቅሶ ቀበራቸው የሚለው ነው። አያቴ ግን ከአያቷ የሰማችውን አንድ ቀን ለብቻዬ ነገረችኝ። ሳጥኑ የመጣው ብቻውን አይደለም። ሰው ይዞት ነበር። ገመዱን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ በሕይወት። የኛ ሰዎች ጣቶቹን ከገመዱ አላቀቁና ሳጥኑን ወደ ደረቁ ጎተቱ። ሲመለሱ ማዕበሉ ወስዶታል።"



ልጄ ዝግ ባለ ድምፅ "ሊያወጡት ነበር የተመለሱት?" አለች በእንግሊዝኛ።

"አያቴ እንደዚያ ትል ነበር። እኔ አላመንኳትም።"

እንደነገሩን፣ ሳጥኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ኖሯል። ገመዱን በእጃቸው ነክተው አያውቁም፤ ማንሳት ሲያስፈልግ ከሥሩ ነው የሚይዙት። ለጫማ ነው ስላቸው ደስ ያላቸውም ለዚህ ነው፤ ማንም ቁም ነገር የማያደርገው ቦታ እንዲሄድላቸው። ተመልሼ ስጠይቅ ግን አንድ ነገር አግኝቶ ነው ብለው እንቅልፍ አጡ።

"ወርቅ መስሏችሁ ነበር አይደል የምፈልገው?" አሉን። "የሰውየው ስም አንድ ቦታ ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ነው። ስሙን ካገኛችሁ ዘመዶቹንም ታገኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነው።"

ባለቤቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። አጠገባቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። "ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል" አለቻቸው። እሳቸው እጃቸውን አልነጠቁም፤ ያመኗትም ግን አይመስለኝም።

የእህታቸው ልጅ ሊያጽናናቸው ሞከረ። "እንግዲህ ሳጥኑ ይኼ ካልሆነ፣ ነገሩም ሆኖ ላያውቅ ይችላል።"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። "ታዲያ ያኛው ሳጥን የት ሄደ?"

ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ሳጥኑን ልመልስልዎት ብላቸው እምቢ አሉ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውና ባለቤቴ ይደዋወላሉ። ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ቲማቲም ተክል፣ ስለ ልጃችን ኮሌጅ ያወራሉ፤ መርከቡን አያነሱም። የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን አንድ ቀን ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ወጥ እያማሰለች ሳለ እሳቸው ራሳቸው አነሱት። የእህታቸው ልጅ ነገሩ አላስችል ብሎት፣ ያ መንደር አካባቢ እስከ ዛሬ የምትኖር የአጎታቸውን ልጅ በስልክ አግኝቷታል። ሴትየዋ መርከብ የሚባል ነገር አልሰማሁም፣ የኛ ሰዎች ገበሬዎች ነበሩ፣ ባሕሩም ከእርሻችን ሩቅ ነው ብላዋለች።

ባለቤቴ ማማሰያውን አስቀመጠች። "እና አመኗት?"

"እሷም እኮ የዚያው ቤት ልጅ ናት" አሉ አሮጊቷ። "ጣቶቹን ከገመዱ አላቀቅን ብላ እንድትናገር ነው የምትጠብቂው?"

"እኔም አላምናትም" አለች ባለቤቴ፤ እሳቱን ቀነሰችና ስልኩን ይዛ ወደ ሳሎን ሄደች።