ከቀላው ብረት በታች

ብልጭታ ይሏታል። ስሙ የወጣላት በያጅ ከሆነች ወዲህ ነው። በሰፈሩ በሩን ያልበየደችለት ወይም የመስኮቱን ብረት ያላቃናችለት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ወጥ ቤት ግን አይሆንላትም። ታላቅ ወንድሟ «እህቴ ሻይ ስትጥድ እሳት አደጋ ይጠራል» እያለ ሲያሾፍባት አብራ ትስቃለች፤ መከራከሪያ የላትማ።

ታዲያ እናቷ ተንሸራታ ወድቃ ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ገባ። ያውም አክስት ከምትኖርበት ተራራ ልትወርድ ጥቂት ቀን ሲቀራት። አክስት በዓመት አንዴ ትመጣለች። በመጣች ቁጥር እናት ሁለቱ እህትማማቾች በልጅነታቸው ተራራው ላይ ይበሉት የነበረውን የድንችና የቺዝ ምግብ ትጋግራለች። የመጋገሪያው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ቡናማ ቅርፊት የሠሪዋ ድርሻ ነው። እናት ያንን ቅርፊት ልጆቿ ሲያለቅሱባት እንኳ ለማንም አካፍላ አታውቅም።

አክስት የእናትን እጅ ነገር በስልክ ስትሰማ «እንግዲያ ከሆቴል እናስመጣለን፣ ምን ቸገረን?» አለች። ለደግነት ብላ ነው። እናትን ግን ነደዳት።

«ልጄ ትሠራዋለች!» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ብልጭታን አየቻትና ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ተናገርኩ እንግዲህ። በእህቴ ፊት እንዳታሳፍሪኝ።»

ቀኑ ሲደርስ እናት ወንበር ስባ ወጥ ቤቱ መሃል ጉብ አለች። ብልጭታ ከነልጣጩ የተቀቀለውን ድንች በትኩሱ እየላጠች፣ ጣቷን እፍ እፍ እያለች ቆራረጠችው።

«ቀጭን አድርጊው አላልኩሽም? ይሄ ድንች ነው የበር ማጠፊያ?»

«እማዬ፣ ማጠፊያ ቢሆን ቆንጆ አድርጌ እቆርጠው ነበር።»

ድንቹን ደረደረች፤ በቅቤ የላላውን ሽንኩርት በየመሃሉ በተነች፤ ክሬሙን አፈሰሰች። አክስት ይዛ የመጣችውን የተራራ ቺዝ በወፍራሙ ቆርጣ ከላይ አለበሰችውና ኦቨን ውስጥ ከተተችው።

ሳሎን ውስጥ የአክስትና የወንድሟ ጨዋታ ደርቷል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ነገር ተበላሸ። ከሥር ክሬሙ ይንተከተካል፤ ከላይ ቺዙ ላብ አውጥቶ እንደገረጣ ቀረ። የኦቨኑ የላይኛው ማሞቂያ ሞቷል። ቅርፊት የለም ማለት ነው፤ ያለ ቅርፊት ደግሞ ያ ምግብ የተቀቀለ ድንች ነው።

ወንድሟ አንገቱን አስግጎ አየና «በቃ የብየዳ እሳትሽን አምጪዋ!» ብሎ ሳቀ።

«ልጆች፣ ካልሆነ እኮ ሆቴሉ አልተዘጋም!» አለች አክስት ከሳሎን።

እናት ጄሶዋን ብቻ አየች። ከእናቷ ቁጣ ይልቅ ይህ የብልጭታን አንጀት በላው።

ወደ ጓሮ ወጣች። ቀለምም ዚንክም ያልነካው፣ ሲግል መርዛም ጭስ የማያወጣ፣ መዳፍ የሚያክል ብረት ከብየዳ ቁርጥራጮቿ መሃል መረጠች። አጥባ፣ ፍቃ፣ የጋዝ ምድጃው ላይ ጣደችው።

«ምንድን ነው የምትቀቅይው?» አለ ወንድሟ።

«ዝም በልና መብራቱን አጥፋልኝ።»

አጠፋላት። እሷ ብረት ሲግል ቀለሙን ማንበብ ታውቃለች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ በጨለማው ውስጥ ቅላት እንደ ሰው ፊት ደም ቀስ ብሎ መጣ። ያኔ በጉጠት አነሳችውና ከቺዙ በላይ፣ ሳይነካው፣ በጣት ስፋት ከፍ አድርጋ ያዘችው። አቤት ያ ቅጽበት! የገረጣው ቺዝ ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ ነፋ፣ ወርቅ መሰለ፣ ከዚያ ቡናማ ጠቃጠቆ አወጣ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ መልሳ እያጋለች፣ አንዷን ጥግ ጨርሳ ወደ ሌላዋ እየተሻገረች ሄደች። የቺዝ ብየዳ በሉት። ወንድሟ መሳቁን ረስቶ ቆሟል። አክስትን ደግሞ ሽታው ራሱ ጎትቶ በሩ ላይ አመጣት።

ገበታው ላይ የመጀመሪያው ማንኪያ ቅርፊቱን ሲሰብር ቀጭ አለ። አክስት አላመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እናትን በጥርጣሬ አየቻት።

«አንቺ፣ በግራ እጅሽ ነው እንዴ የሠራሽው?»

«እኔ የሠራሁት በአፌ ነው፣ እትዬ» አለች እናት። «እጁ የሷ ነው።» ይህን ስትል አንገቷ ቀና ብሎ፣ ቁመቷ የጨመረ ይመስል ነበር።

ድንቹ አልቆ ጠርዙ ብቻ ሲቀር አክስት እንደ ልማዷ መጋገሪያውን ወደ እናት ገፋችው። እናት በግራ እጇ አስቆመችውና አዙራ ብልጭታ ፊት አደረገችው። ማንኪያዋንም ጨመረችላት።

«የሠራ ይፋቅ።»

ብልጭታ ያን ቅርፊት በልጅነቷ ስንት ጊዜ አልቅሳበታለች! አሁን ማንኪያውን ይዛ፣ እናቷን እያየች፣ መጀመር አቃታት።

ወንድሟ ቀስ ብሎ የራሱን ማንኪያ ወደ ቅርፊቱ ሰደደ።

እናት እጁን ቸብ አደረገችው። «አንተ እሳት አደጋ ጥራ!»