ከካባው በታች ያለው ገብስ

ሽባባው የቆሰበር ገበሬ ነው። የነበረችው አንዲት የርስት እርሻ ናት፤ እሷንም የመንገድ ሠራተኞች ጥሩ ድንጋይ አገኘንባት ብለው ቆፈሩበት። የዳንግላው መንገድ ሲያልቅ በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ። ለእሱ የቀረለት ዙሪያው ገደል የሆነ የድንጋይ ካባ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር። ሽባባው ግን ግትር ነው። ከወንዝ ዳር ደለል በስልቻ እየሞላ፣ በዳማ ፈረሱ እየጫነ፣ አራት በጋ ሙሉ የካባውን ወለል አፈር አለበሰው። ሚስቱ ደብሪቱም በጀርባዋ ትሸከማለች። ጎረቤት «ድንጋይ ሊያበቅል ነው» እያለ ይስቃል። ይሳቅ! በአምስተኛው ዓመት ከጎተራው ጠርጎ ያወጣትን የመጨረሻ ገብስ ዘራ። እሷ ካልያዘች ቤቱ የሚበላው የለም።

በካባው አንድ ጥግ ሠራተኞቹ ውኃ እንዲወጣ የሰነጠቁት ቦይ ነበር። ሽባባው ጎርፍ አፈሬን ይወስደዋል ብሎ ፈራ። አባቱ ተዳፋት ላይ አፈር የሚይዝ የድንጋይ ክትር ሲክብ እያየ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ጥርቅም አድርጎ ደፈነው። ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ፣ ምስኪን!

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ከጥርባ በኩል እየመጣ ሳያባራ ወረደ። ገብሱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ሰጠመ። ሽባባው እስከ ደረቱ ገብቶ ቦዩን በእግሩ ቢዳብስ አላገኘውም፤ አፈሩ ተንዶ ሸፍኖታል። ደብሪቱ ዳር ቆማ አለቀሰች።

መስቀል አለፈ፤ ውኃው ግን አልጎደለም። ሽባባው ቦዩ የሚወጣበትን የካባውን ግድግዳ ከውጭ ሊያፈርስ ድጅኖ ይዞ ቢመጣ የአገሩን ከብት ሲጠጣ፣ ሽማግሌዎቹንም ተቀምጠው አገኛቸው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ሽባባው» አሉት አባ አድማሴ። «ከብታችን በበጋ ወንዝ ሲወርድ ስንቱ ተሰበረ! በደጃችን ውኃ አቆምክልን። አገር መክሯል፤ ይህ ውኃ አይነካም።»

«አባ፣ ይስሙኝ እንጂ! ገብሴ ከሥር ነው። አፈሬም ከሥር ነው። ምን ልብላ?»

«ላንተም አስበናል። ፈረስህ ከሁሉ ቀድሞ ይጠጣል።»

ተነሥተው እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። ሽማግሌ ሲመርቅ እምቢ አይባልም። ሽባባው ድጅኖውን አስቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ።

በሳምንቱ ከደብሪቱ ጋር በሰው እርሻ ሊቀጠሩ ወደ ጫግኒ ወረዱ። ፈረሱን ያን ጠዋት አጠጥተውት ነበር፤ ከሁሉ ቀድሞ።