ወንድሜ የሠራልኝ የደጋን ክር

ቤተ ክርስቲያን ገብቼ የጧፍ ሽታ ሲያውደኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጸሎት አይደለም፤ ደጋን ነው። ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ሥር በነበረው ግቢያችን፣ ታላቅ ወንድሜ የጥጥ ክር ደራርቦ ይገምድና እንዲጠነክር በጧፍ ቁራጭ ያሸው ነበር። ማታ እንኳ ጣቶቹ ሰም ሰም ይሸቱ ነበር።

ቀስት የምንወረውርበትን ደጋን ከባሕር ዛፍ ጠርቦ የሠራው እሱ ነው። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ክሩን መሳብ አልችልም። የሰፈሩ ወንዶች ልጆች ደግሞ መሳብ ያልቻለ አይወረውርም የሚል ሕግ አውጥተዋል። የምወረውረው ወንድሜ እጄ ላይ እጁን ደርቦልኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌ ተጠራ። ደጋኑን ለእኔ እንደሚተውልኝ ሲነግረኝ አለቀስኩ። ብቻዬን መሳብ ካልቻልኩ ምን ያደርግልኛል?

"ቆይ፣ የሚላላና የሚጠብቅ ክር እሠራልሻለሁ" አለኝ።

ዐይኑ የእናታችን የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ዐረፈ። ገመዱ ሲረግብ እናታችን ቋጠሮውን ገፋ ስታደርገው መልሶ ቀጥ ይላል። አስተሳሰሩን አያለሁ ብሎ ሲፈታው የታጠበው አንሶላ ሁሉ ጭቃው ላይ ተዘረረ። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

"ምን ሆናችሁ ነው እናንተ!" እያለች እናታችን ወጣች። ነገሩን ስትሰማ ግን አንሶላውን ረስታ አጠገባችን ቁጭ አለች።

"ወዲህ በል! እንዲህ አዙረህ፣ በዚህ አሾልከህ... በቃ!"

ልጇ ሊሄድባት ነው፤ ሆኖም እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ወንድሜ ክሩን አላልቶ ሰጠኝ። ሳብኩት፣ ብቻዬን! አጥሩ ላይ የሰካነው የወተት ጣሳ ኳ! አለ። ሦስታችንም በጭቃ እግራችን ጨፈርን።

በሚሄድበት ጠዋት ቋጠሮውን አሳየኝ። "በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ አጥብቂው። በእኔ ልክ ሲሆን እመጣና እንወዳደራለን።"

በየክረምቱ አጠበቅሁት። ክንዴ ጠነከረ፤ ሕግ አውጪዎቹን ልጆች አንድ በአንድ አሸነፍኳቸው፣ ጉራ አይደለም። አንድ ክረምት ክሩ በወንድሜ ልክ ሆነ። ዝናቡ እስኪያባራ በር በሩን ሳይ ከረምኩ። አልመጣም።

መስከረም ሲጠባ አዲስ ክር ገመድኩና እንደገና ከላላው ጀመርኩለት።