ግራ ክንዴና የልጄ ስልክ

ቆሽቴ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመው በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን በገዛ እጄ እየወጋሁ ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ሬዲዮ እየጠገንኩ ነው። ፍሪጅ ባልነበረኝ ዘመን የኢንሱሊኑን ብልቃጥ እርጥብ አሸዋ በሞላበት ገንቦ ውስጥ አቆይ ነበር። ከእኔ ጋር መውጋት የጀመሩት ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው።

ሴንሰሩን የላከችው ጂዳ የምትሠራው ልጄ ናት። ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ነገር ነው፤ የስኳሬን መጠን ለስልኬ ይናገራል። ልጄ ግን ሳታስፈቅደኝ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በሚሠራው ወንድሟ ስልክም እንዲታይ አደረገች። ቤቴ ሰላይ ገባ።

ሆጤ ሰፈር ባለው ቤቴ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከጎረቤቶቼ ጋር ዱዓና ጫት አለን። ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ስልኩ ስኳሬ ወርዷል ብሎ ጮኸ። በሦስተኛው ወንዱ ልጄ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ከች አለ። ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ የለስላሳ ጠርሙስ አፌ ላይ ደቀነ።

«ይጠጡ!»

«ደህና ነኝ አልኩህ።»

«ሃምሳ ስምንት ነው የሚለው! ወላሂ፣ ከእንግዲህ ኢንሱሊኑ እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው። ኮምቦልቻ ይገባሉ፤ እኔ ነኝ የምወጋዎት።»

«አባባ፣ ሞግዚት መጣልዎት!» አለና አንዱ ጎረቤቴ ሳቀብኝ።

ለመርፌ የሰው እጅ ከምጠብቅ ሞቴን እመርጣለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አሰብኩ፤ ሐሙስን ከሌላው ቀን የሚለየው ምንድን ነው? መከዳው! ጫት ስቅም በግራ ክንዴ እደገፈዋለሁ፤ ሴንሰሩም እዚያው ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጄን ጠርቼ ፊቱ ተደገፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ስድሳ አንድ አለ። ጣቴን ወግቼ በመመርመሪያው ለካሁ፤ መቶ ሃያ ስምንት! «ሲጫኑት ነው የሚዋሸው» አልኩት። «እሺ» ብሎ ወጣ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ ሲጮህ «መከዳው ነው» ብዬ ዘጋሁትና ልጄን እንዴት አፍ እንዳስያዝኩት መተረኬን ቀጠልኩ።

«አባባ» አለኝ ያው የሳቀብኝ ጎረቤቴ፣ «ዛሬ እኮ አልተደገፉም።»

እውነቱን ነበር። ሸሚዜ በላብ ርሷል። ጣቴን ስለካ አርባ አራት። ለምሳ መርፌዬን ወግቼ፣ ጫቱ የምግብ ፍላጎቴን ዘግቶት ምሳውን ሳልበላ ቀርቻለሁ። ስኳር በጥብጠው አጠጡኝ።

ልጄ ሲደርስ ተሽሎኝ ነበር። «ብልቃጡን ይስጡኝ» አለ።

«አውቄ ጠጥቻለሁ።»

«ማን አሳወቀዎት?»

ጎረቤቴ አቀረቀረ። እኔ ተነስቼ ፍሪጁን በጀርባዬ ዘግቼ ቆምኩ።

ልጄ የዘረጋውን እጁን መለሰ። «እንግዲያው በጮኸ ቁጥር ጣትዎን ለክተው ይደውሉልኝ። አንዴ ከቀሩ ግን ተሸክሜ ነው የምወስድዎት።»

ተስማማሁ። አሁን ሲጮህ እለካለሁ፤ እደውላለሁ።

«ዘጠና ሁለት» እላለሁ።

«እሺ» ይላል።

ስልኩን ይዘጋል። ብልቃጡ ግን እኔ ቤት ነው።